የጎተራው ቤት ወረቀቶች

መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አዲስ አበባ ውስጥ ለእናቴ ቤት ልገዛ ተነሥቻለሁ። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ያጣደፈኝ ግን ያለፈው ሐምሌ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። እኔ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጬ የምቆጥባት ዶላር በብር ስትመነዘር እጥፍ ልትሆን ምንም አልቀራትም። የእናቴ አከራይ ደግሞ በዚያው ወር ኪራይ ጨመሩባት። ለእኔ የቀለለው ነገር እሷ ላይ እንደከበደ ሳየው፣ ልዩነቱን ወደ ቤት ልለውጠው ወሰንኩ።

ይህን ማስታወሻ የምጽፈው በየደረጃው የተማርኩትን እንዳልረሳው ነው። እንደ እኔ ዜግነት ለውጠው አገር ቤት መጠለያ ለሚያስቡም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

መስከረም 28

መጀመሪያ ሕጉን አነበብኩ። እኔ በወረቀት አሜሪካዊት ነኝ። የኢትዮጵያ ሕግ ጣምራ ዜግነት ስለማይቀበል፣ የሌላ አገር ዜግነት የያዝኩ ዕለት ኢትዮጵያዊነቴ በሕግ ቀርቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ከአንቀጽ 390 ጀምሮ የውጭ አገር ሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክላል። እንግዲህ በአሜሪካ ፓስፖርቴ ብቻ ብሄድ በሩ ዝግ ነው።

በሩን የሚከፍተው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው፤ ሁላችንም ቢጫ ካርድ የምንለው መታወቂያ የሚሰጥበት። ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረ፣ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው ካርዱን ማግኘት ይችላል። ባለ ካርዱ ለመግባት ቪዛ፣ ለመኖር የመኖሪያ ፈቃድ፣ ለመሥራት የሥራ ፈቃድ አይጠየቅም። መምረጥና መመረጥ አይችልም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መቀጠርም አይፈቀድለትም። ለእኔ ጉዳይ ትልቁ ነገር የፍትሐ ብሔር ሕጉ ክልከላ ቢኖርም ቤት እንዲኖረው መፍቀዱ ነው። መሬቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የሚገዛው ቤቱ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ተለየ፤ ቢጫ ካርድ፣ ውክልና፣ ቤት፣ ውል፣ ካርታ። ወንድሜ ከቤቱ እንጀምር ብሎ ነበር። ቤት ዓይን ውስጥ ከገባ በኋላ ወረቀት መጠበቅ ልብ ያደክማል፤ ሻጭም አይጠብቅም። እንቢ አልኩት።

ጥቅምት 9

የቢጫ ካርዱን ማመልከቻ ለመሙላት ወረቀቶቼን ሁሉ አልጋ ላይ ደረደርኩ። አሮጌው የኢትዮጵያ ፓስፖርት፣ የልደት ካርድ፣ የዜግነት ምስክር ወረቀት፣ አሁን የያዝኩት ፓስፖርት። እያንዳንዱን ብቻውን ሳየው ደህና ነበር፤ ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ግን የሁለት ሴቶች ሰነድ ይመስሉ ነበር።

በኢትዮጵያው ፓስፖርት ስሜ፣ የአባቴ ስም፣ የአያቴ ስም አለ። አሜሪካ ስገባ የአያቴ ስም የቤተሰብ መጠሪያ ሆነና፣ ዜግነት ስቀበል የአባቴ ስም በመካከል ጠፋ። ከዚያ ወዲህ 9 ዓመት ሙሉ በሁሉም ሰነድ ላይ ስሜ አባቴን ዘሎ አያቴ ላይ ያርፋል። በመንጃ ፈቃዴም በደመወዜም ስለዚያ ያስጨነቀኝ ሰው አልነበረም።

ማታ ስደውል ወንድሜ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይዞት ስለነበር እናቴ ትሰማለች። በፓስፖርቴ ላይ ያለውን ስም ሳነብለት ጣልቃ ገባች፦

«አባትሽስ የት ሄደ?»

«እማዬ፣ እዚህ የሚጽፉት እንደዚያ ነው።»

«እዚያ እንደፈለጉ ይጻፉ። የቤቱ ካርታ ላይ አባትሽ ካልተጻፈ፣ ይህን ቤት የማን ልጅ ገዛችው ይባላል?»

መልስ አልነበረኝም። አባቴ ካረፈ 12 ዓመቱ ነው። ቤት ሳይኖረው ነው የሞተው።

ጥቅምት 15

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን በመሐላ ማረጋገጥና ያንን ወረቀት በየደረሱበት ማያያዝ ነው። ፈጣኑ ይህ ነው። ሁለተኛው እዚህ ሜሪላንድ ፍርድ ቤት አመልክቶ የአባቴን ስም መመለስና ፓስፖርቱን በአዲሱ ስም ማውጣት ነው፤ ወራት ይወስዳል።

ሁለተኛውን መረጥኩ። የእናቴ ንግግር ልቤን ነክቶታል፤ በስሌትም ቢታይ ግን የተሻለው እሱ ነው። ቢጫ ካርዱ ፓስፖርቱን ይከተላል፣ ውክልናው ካርዱን፣ ውሉ ውክልናውን፣ ካርታው ውሉን። ከምንጩ የተበላሸ ስም እስከ ልጅ ልጅ ይወርዳል፤ ወራሽ ለመሆን የሚቀርብ ሰው «እናቴ ናት» ብሎ ሲያመለክት ስሟ በእሱ ሰነዶች ላይ ካለው የእናት ስም ጋር አይገጥምለትም።

ጥቅምት 22

የልደት ቀኔም ችግር አለበት። የልደት ካርዴ ጥር 12 ቀን 1972 ዓ.ም. ይላል፤ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ከጥምቀት ማግስት ነው የተወለድኩት። 1972 ከጳጉሜ 6 ቀጥሎ የገባ ዓመት ስለሆነ ጥምቀት በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 20 ነበር፤ ስለዚህ የእኔ ልደት ጃንዋሪ 21 ቀን 1980 ነው። ፓስፖርቴ ላይ ግን ጃንዋሪ 12 ተጽፏል። በመጀመሪያ ፎርሙን የሞላልኝ ሰው ዓመቱን ወደ ፈረንጅ ቀይሮ ቀኑን ሳይነካው ትቶታል፤ «ጥር ማለት ጃንዋሪ ነው» ብሎ።

በእኛ ዘንድ ይህ ስሕተት የማይገኝበት ቤተሰብ ጥቂት ነው። በዜግነት ወረቀት ላይ የገባን የልደት ቀን ማስተካከል ስምን ከማስተካከል እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ ቀኑን አልነካውም፤ ሁለቱ ቀኖች የእኔ መሆናቸውን የሚገልጽ ቃለ መሐላ አዘጋጅቼ አስፈርሜ ከፋይሉ ጋር አያይዤዋለሁ። ልጆቻችሁን ስታስመዘግቡ የቀን መቁጠሪያውን ራሳችሁ ቁጠሩት፤ ለማንም አትተዉት።

ጥር 3

ፍርድ ቤቱ ስሜን አጽድቆልኛል። ፓስፖርቱን ልኬያለሁ። ለእናቴ ስነግራት እልል አለች።

የካቲት 11

አዲሱ ፓስፖርት ደርሶ፣ የቢጫ ካርዱን ማመልከቻ በኤምባሲው በኩል አስገብቼ፣ ካርዱ ዛሬ እጄ ገባ። ሦስቱም ስሞች በቦታቸው አሉ።

የካቲት 19

ከሁሉ በላይ የደከምኩበት ውክልናው ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ጓደኞቼ «ጠቅላላ ውክልና ስጪውና ተገላገዪ» ይሉኛል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራ ነው፤ ኪራይ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል፣ ንብረት መጠበቅ። ከዚያ ለሚያልፍ ሥራ አንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። በተግባርም ውክልናው ውስጥ በስሙ ያልተጠራ ሥራ አይሠራም። መጀመሪያ የጻፍኩት ረቂቅ «ቤት እንዲገዛልኝ» ብቻ ይል ነበር። ወንድሜ ለአንድ ጠበቃ ሲያሳየው ጠበቃው ራሱን ነቀነቀ። መግዛት አለ፤ ነገር ግን ውል መፈረም የለም፣ ዋጋ መክፈል የለም፣ ስም ማዛወር የለም፣ ካርታ መረከብ የለም፣ ግብርና ቀረጥ መክፈል የለም፣ ውኃና መብራት ማዛወር የለም። አንዱ በጎደለ ቁጥር አዲስ ውክልና ከዋሽንግተን መላክ ሊኖርብኝ ነው።

እንደገና ጻፍነው። እያንዳንዱ ሥራ በስሙ ተጠራ። ከዚያም በራሴ ፈቃድ ሁለት ገደብ ጨመርኩበት፤ የተገዛውን ቤት መሸጥ፣ መለወጥ ወይም በመያዣነት ማስያዝ አይችልም፤ ሌላ ሰውም መወከል አይችልም። ይህን ለወንድሜ ከመንገሬ በፊት ሁለት ቀን ተጨነቅሁ። የምጠረጥረው መስሎት እንዳይከፋ ፈርቼ ነበር።

«እህት ዓለም፣» አለኝ፣ «ይህማ እኔን የሚጠብቅ ነው። ነገ ሰው መጥቶ ለዚህ ዕዳ አስይዝልኝ ቢለኝ፣ አልችልም የምልበት ወረቀት ሰጠሽኝ።»

እንደዚህ የሚያስብ ወንድም ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ውክልና ስትሰጡ ገደቡን አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት፤ በኋላ ከሚመጣ ቅያሜ የፊተኛው እፍረት ይሻላል።

ውክልናውን የፈረምኩት ኤምባሲው ውስጥ፣ በቆንስላ ሠራተኛ ፊት ነው። ዋናው ወረቀት አዲስ አበባ ሲደርስ ወንድሜ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጦት፣ ከዚያ ሁላችንም ውልና ማስረጃ የምንለው የሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት አስመዘገበው።

መጋቢት 8

የመጀመሪያው ቤት ገርጂ ነው፤ በፎቶግራፍ ሳየው ወደድኩት። ግቢ አለው፣ የሎሚ ዛፍ አለው። ደላላው ዛሬውኑ ቀብድ ካልተከፈለ ሌላ ገዢ ይወስደዋል አለ። 500 ሺህ ብር።

ቀብድ በሕጋችን ክብደት አለው። በአንቀጽ 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። እጥፉን ይመልሳል ማለት ግን ሜሪላንድ ላለ ሰው ክስ ማለት ነው። ወንድሜን «ዕዳና እገዳው ሳይጣራ አምስት ሣንቲም እንዳትሰጥ» አልኩት።

መጋቢት 13

ተጣራ። ካርታው በሟች አባት ስም ነው። ሻጩ አንድ ወራሽ ናቸው፤ ሌሎች ሦስት ወንድምና እህቶች አሏቸው፤ አንዷ ጣልያን ናት፤ አልፈረመችም፤ መሸጡንም አልሰማችም። የሎሚውን ዛፍ ተሰናበትኩት።

መጋቢት 24

ሁለተኛው ቤት የባሰ ትምህርት ነው። አዲስ የጋራ መኖሪያ ቤት፣ ዋጋው ከአካባቢው ዝቅ ያለ። ምክንያቱ ቆይቶ ገባን። ዕጣ የወጣለት ሰው ኮንዶሚኒየሙን እስከ 5 ዓመት መሸጥ አይችልም፤ ጊዜው ገና ነው። ሻጩ ያቀረቡት መፍትሔ «ውክልና እሰጣችኋለሁ፣ ቤቱን ያዙት፣ ጊዜው ሲደርስ ስሙ ይዛወራል» የሚል ነው።

ብዙ ሰው እንዲህ ገዝቶ ይኖራል፤ ስለዚህ በግልጽ ልጻፈው። ውክልና ሽያጭ ሊሆን አይችልም። ወካዩ በፈለገበት ቀን ይሽረዋል። ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮት ይሞታል፤ ያን ጊዜ ቤቱ የወራሾቹ ነው፤ እናንተ ደግሞ በሰው ቤት የምትኖሩ ሰዎች ናችሁ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በአንቀጽ 1723 በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል በሚያዋውል ሹም ፊት እንዲመዘገብ የተባለው ለዚህ ነው። 15 ዓመት የሌሊት ፈረቃ ሠርቼ ያጠራቀምኩትን ገንዘብ በአንድ ሰው ዕድሜና መልካም ፈቃድ ላይ አላሳርፍም። ሰውየው ክፉ ናቸው አልልም፤ ምናልባት ቃላቸውን የሚጠብቁ ናቸው። እንዳይሞቱ ግን ሊፈርሙልኝ አይችሉም።

ሚያዝያ 16

ከፋሲካ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ ባለ ሦስት መኝታ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ቦታው ከተያዘ ብዙ ዓመቱ ነው፤ የ5 ዓመቱ ገደብ ካለፈ ቆይቷል። ካርታው በሻጩ ስም ነው። እናቴን ወንድሜ ይዟት ሄደ፤ ደረጃውን ሁለት ጊዜ ወጥታ ወረደች፤ ጉልበቷን ልትፈትን። «እንጀራ የምጋግርበት ቦታ አለ፣ ከበረንዳው ማሳለጫው ይታያል» አለችኝ። ዋጋው 8 ሚሊዮን ብር፤ በዛሬው ምንዛሪ 60 ሺህ ዶላር ገደማ።

ዕዳና እገዳው ተጣርቶ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ከሕንፃው የነዋሪዎች ማኅበርም ያልተከፈለ መዋጮ እንደሌለ ደብዳቤ መጣ።

ሚያዝያ 25

ገንዘቡን በባንክ ነው የላክሁት፤ በራሴ ስም ወደተከፈተው የዳያስፖራ ሂሳብ። በእጅ የሚልኩ ሰዎች ምንዛሪው ትንሽ ይበልጣል ይላሉ። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት ግን ከልዩነቱ ይበልጣል፤ ነገ ቤቱን ሸጬ ገንዘቡን መመለስ ብፈልግ የምይዘው እሱን ነው።

የአሜሪካ ዜጎች አንድ ተጨማሪ ግዴታ አለብን። በውጭ አገር ያሉን የባንክ ሂሳቦች ድምር በዓመቱ ውስጥ በአንድ ቀን እንኳ ከ10 ሺህ ዶላር ካለፈ፣ ለግምጃ ቤቱ የፋይናንስ ወንጀል መከላከያ ክፍል በሚቀጥለው ኤፕሪል ማስታወቅ አለብን። ግብር አይደለም፣ ማሳወቅ ብቻ ነው፤ ሳይሞሉት መቅረት ግን ከባድ ቅጣት አለው። የእኔ ገንዘብ ሂሳቡ ውስጥ የሚያድረው ጥቂት ቀን ቢሆንም ከቁጥሩ ስላለፈ እሞላለሁ።

ግንቦት 6

ዛሬ ውልና ማስረጃ ተፈረመ። እዚህ ሌሊት ነበር፤ ከፈረቃዬ ዕረፍት ወስጄ ስልኬን ይዤ ተቀመጥሁ።

ሻጩ ከባለቤታቸው ጋር ነው የመጡት። ካርታው በእሳቸው ስም ብቻ ነው፤ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ወይዘሮዋ ሲፈርሙ ወንድሜ «እናቴ፣ በደስታ ነው የሚሸጡት?» ብሎ ጠየቃቸው። ልጃቸው ሐዋሳ ስለሆነ እዚያ ሊጠጉ እንደሆነ ነገሩት። ይህን ስሰማ ልቤ አረፈ።

አንድ ክርክር ነበር። ደላላው በውሉ ላይ ዋጋው አነስ ተደርጎ ይጻፍ ብሎ ነበር፤ ቀረጡ እንዲቀንስ። የቴምብር ቀረጡ ብቻ 2 በመቶ ነው፤ 160 ሺህ ብር፤ የስም ማዛወሪያው ክፍያ ሌላ ነው። ለእናቴ የዓመት ኪራይ ሊሆን የሚችል ገንዘብ ነውና ያሳዝናል። ነገር ግን ውሉ አንድ ቀን ቢፈርስ ይመለስልኝ የምለው በውሉ የተጻፈውን ነው። ከዚያም በላይ እናቴን በሐሰት ወረቀት ላይ ላስቀምጣት አልፈልግም። 8 ሚሊዮን ተብሎ ተጻፈ፤ ክፍያውም በሲፒኦ (ባንኩ ራሱ በሚያረጋግጠው የክፍያ ማዘዣ) ከሂሳቤ ወደ ሻጩ ሂሳብ ገባ።

ሰኔ 27

በየስብሰባው የሚጠይቁኝ ስለ አዲሱ አዋጅ ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1388 የውጭ ዜጎች ቢያንስ 150 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ቤት እንዲገዙ ፈቅዷል። «ታዲያ ቢጫ ካርዱ ለምን አስፈለገሽ?» ይሉኛል። የእኔ ቤት የዚያን ግማሽ እንኳ አይሆንም። አዲሱ በር ለባለ ብዙ ገንዘብ ሰው የተከፈተ ነው፤ የእናቱን ኪራይ ለማቋረጥ ለሚቆጥብ ትውልደ ኢትዮጵያዊ መንገዱ አሁንም ካርዱ ነው። ካርዳችሁን አውጡ፤ ጊዜው ካለፈም አሳድሱት።

ሐምሌ 14

ካርታው ወጣ። ወንድሜ ፎቶግራፉን ልኮልኝ አጉልቼ አነበብኩት። የእኔ ስም፣ የአባቴ ስም፣ የአያቴ ስም፤ ፊደሉም ልክ ነው። «ሠ» በንጉሡ «ሠ» ተጽፏል፤ አባቴ ሁልጊዜ የሚጽፈው እንደዚያ ነበር።

እናቴ መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ አነበበችው። የአባቴ ስም ላይ ስትደርስ ቆም አለች፤ ከዚያ ከመጀመሪያው አነበበችው።

እሑድ ዕቃዋ ይጓጓዛል። የመብራት ቆጣሪው ስም ተዛውሯል። የውኃው ገና ነው፤ ወንድሜ ሰኞ ጠዋት ውክልናውን ይዞ ይሄዳል።